ሚኒሶታ ስኪ ልትወጡ ነው? መጀመሪያ ንፋሱን እዩ

ጎረቤቴ ቪዛ ወጣላቸው። ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና እየጠጣን ስልካቸውን አውጥተው የልጅ ልጆቻቸውን ቪዲዮ አሳዩኝ። ሁለት ልጆች ጉብታ ላይ ቆመው "እማማ ስትመጪ ስኪ እንወስድሻለን" ይላሉ። ስኪ ማለት ረጅምና ጠባብ ጣውላ የመሰለ ነገር እግር ላይ አስሮ በረዶ ላይ ቁልቁል መንሸራተት ነው። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው "አንቺ ሄደሽ አይተሽው የለ? እኔ በረዶ ላይ ወጥቼ ምን ልሆን ነው?" አሉኝ።

እኔ ሁለት በጋ እህቴ ጋ ከርሜያለሁ። በጋ የምለው የእኛን ነው፤ እኛ ጥምቀት ስናከብር እነሱ ደጃቸው ላይ በረዶ እየዛቁ ነው። ከባህር ዳር ልጅ ወይም ወንድም እህት ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ሁሉ ይህንኑ ስለሚጠይቀኝ፣ ለጎረቤቴ የነገርኳቸውን እዚህ አሰፍረዋለሁ።

መጀመሪያ "ተራራ" የሚለውን ከጭንቅላታችሁ አውጡ። ቴሌቪዥን ላይ የምናየው ሰማይ የነካ ተራራ እዚያ የለም። ሚድዌስት የሚሉት የአሜሪካ ክፍል፣ እነ ሚኒሶታ፣ ዊስኮንሲንና አዮዋ፣ አብዛኛው ሜዳ ነው። ስኪ የሚሸራተቱት ኮረብታ ላይ ነው። ለምሳሌ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ በርንስቪል ውስጥ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ባክ ሂል የሚባል አለ። ከላይ እስከ ታች 310 ጫማ ያህል ነው፣ ወደ 95 ሜትር መሆኑ ነው። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሁለቴ ደራርባችሁ አስቡት፣ በቃ እሱን ያህላል። ግን አትናቁት። በፈረንጆቹ 1954 የተከፈተ ነው፣ በ2010 ቫንኩቨር ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው ሊንዚ ቮንም በልጅነቷ የተለማመደችው እዚያ ነው። "ስኪና ሐበሻን ምን አገናኛቸው?" ለሚል ደግሞ፣ ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን፣ በ2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ ስኪ ተወዳድሯል። ይህንን ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ከልጅ ጋር ለሚሄድ ሰው ትንሽነቱ ጥሩ ነው። ኮረብታው ሥር ባለው ማረፊያ ቤት መስኮት ዳር ተቀምጣችሁ ኮረብታውን ከሞላ ጎደል ታዩታላችሁ። ልጅ አይጠፋም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አየሩ።

የመጀመሪያ ዓመት ተሳስቼ ነበር። የእህቴ ባል ማታ ሥራ አድሮ ስለገባ "አየሩን አንቺ እይልን" አለኝ። ስልኬን ከፈትኩ። ፀሐይ ተስሏል፣ ከጎኑ 0 ይላል። እኔ የማውቀው ዜሮ ውሃ የሚረጋበትን ዜሮ ነው። "ፀሐይ አለ፣ ዜሮ ነው፣ ይቻላል" አልኩት። ስልኩ ግን የሚያወራው በአሜሪካኖቹ መለኪያ፣ በፋራናይት ነበር። ዜሮ ፋራናይት በእኛ ከዜሮ በታች 18 ነው። በዚያ ላይ በሰዓት 15 ማይል የሚነፍስ ንፋስ ነበረው፣ እሱን ጭራሽ አላየሁትም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ፊት ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 28 ይደርሳል። የአሜሪካ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ሰንጠረዥ ላይ ይህ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውርጭ ሊጎዳ የሚችልበት ነው።

የእህቴ ልጅ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሦስተኛ ዙር ወርዳ ስትመጣ የፊት መሸፈኛዋ ወርዶ፣ ጉንጯ ላይ ሃምሳ ሳንቲም የምታህል ነጭ ነገር አየሁ። ነጭ ስል እንደ ሻማ ሰም ነጭ። "ያምሻል?" አልኳት። "አይ፣ ምንም አይሰማኝም" አለች። በእጄ ላሸው ስል ቀይ ጃኬት የለበሰ የኮረብታው የመጀመሪያ እርዳታ ሠራተኛ ከለከለኝ። አይታሽም። ወደ ውስጥ አስገቧት፣ የሞቀ መዳፍ ብቻ ለጥፉበት አለን። ትንሽ ቆይቶ ቀላ፣ ከዚያ ማቃጠል ጀመረ፣ እሷም አለቀሰች እኔም አለቀስኩ። ምልክት አልተወባትም፣ ተመስገን። ግን ያ ነጭ ነገር እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ትዝ ያለኝ የጣና ጀልባ ነጂ ነው። ወደ ዘጌ ልትሄዱ ስትነጋገሩ "ስንት ዲግሪ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ጀልባ ነጂ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሚያየው ንፋሱን ነው። "በጠዋት እንውጣ፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሳል" ይላችኋል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ ብትሆንም ሐሳቡን አይቀይርም፣ ምክንያቱም ጠዋት እንደ መስታወት የተኛው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ያውቃል። የጣና ልጅ ይህንን ሳይማር ነው የሚያውቀው። ለስኪም የሚያስፈልገው ይኸው እውቀት ነው፤ እኔ ባሕር ተሻግሬ ስሄድ ጥዬው ሄጄ ነበር።

እንዲህ አድርጉ። ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን የፀሐይና የደመና ሥዕል ተዉትና ዌዘር ዶት ጋቭ (weather.gov) የሚለውን ክፈቱ። የአሜሪካ መንግሥት የአየር ትንበያ ነው፣ ነፃ ነው። የከተማውን ስም ወይም ዚፕ ኮዱን (የአካባቢውን የፖስታ ቁጥር) አስገቡ፤ ኮረብታው ያለበትን ከተማ እንጂ ልጃችሁ የሚኖርበትን አይደለም። ከዚያ "አወርሊ" የሚለውን ፈልጋችሁ ንኩት። የየሰዓቱን ሙቀትና ንፋስ፣ "ዊንድ ቺል" የሚሉትንም በመስመር ስሎ ያሳያችኋል። ዊንድ ቺል ማለት ንፋሱ ተጨምሮበት ቆዳ ላይ የሚሰማው ብርድ ነው። ከሁሉም በላይ እሱን እዩ።

ፋራናይቱን ለመለወጥ ካልኩሌተር አያስፈልግም። ከቁጥሩ 32 ቀንሱ፣ የቀረውን ለሁለት ክፈሉ። 20 ካለ፣ 32 ሲቀነስ ከዜሮ በታች 12፣ ግማሹ ከዜሮ በታች 6። ትክክለኛው በ1.8 ሲካፈል ነው፣ ወደ 7 ይጠጋል፣ ግን ልብስ ለመምረጥ ይኼም ይበቃል።

የእኔ ልክ ይኸውላችሁ። ዊንድ ቺሉ ከ15 እስከ 30 ፋራናይት ከሆነ ቆንጆ ቀን ነው፣ ሂዱ። ከዜሮ እስከ 15 ከሆነ ሂዱ፣ ግን በየግማሽ ሰዓቱ ልጆቹን ወደ ውስጥ አስገቡና ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ ጣት እዩ። ከዜሮ ፋራናይት በታች ከሆነ እኔ ልጅ ይዤ አልወጣም፣ ቢያለቅሱም። ሙቀቱ ራሱ ከ32 በላይ ሲሆን ደግሞ በረዶው ይላላል፣ ልብስ ያረጥባል፣ ማታ ተመልሶ ይረጋና በማግስቱ ጠዋት እንደ ብርጭቆ ያንሸራትታል።

ሌላው ጣጣ ቋንቋው ነው። ለእኛ ከሰማይ የሚወርድ ቀዝቃዛ ነገር ሁሉ በረዶ ነው፣ ቆርቆሮውን የሚደበድበውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውም። ትንበያው ግን ይለያያቸዋል። "ስኖው" ካለ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደው ነው፣ እሱ ደስታ ነው። "ፍሪዚንግ ሬይን" ካለ ግን ዝናብ ሆኖ ወርዶ መሬት ሲነካ የሚረጋው ነው፣ መኪና መንገድ ላይ አይቆምላችሁም። ይህን ቃል ካያችሁ ቤት ዋሉ።

በየመንገዱ በረዶ ስላላያችሁ ኮረብታው ተዘግቷል ብላችሁ አትደምድሙ። ራሳቸው ይሠሩታል። ሙቀቱ በእኛ መለኪያ ከዜሮ በታች 2 ገደማና ከዚያ በታች ሲወርድ ውሃና የታመቀ አየር አንድ ላይ በትልቅ ማሽን ይረጫሉ፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀናቸዋል። በፈረንጆቹ 2023 ገብቶ 2024 የወጣው ክረምት በሚኒያፖሊስ አካባቢ ከተመዘገበው ሁሉ ሞቃቱ ነበር፤ እንዲህ ባለ ዓመት የሚያድነው ይህ ማሽን ነው። ስለዚህ የኮረብታውን የራሱን ገጽ ክፈቱና ዛሬ የትኛው መንሸራተቻ ክፍት እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ እዩ። ካሜራ ያላቸውም አሉ። ካሜራው ላይ ባንዲራው እንዴት እንደሚውለበለብ ተመልከቱ።

እዚሁ ባህር ዳር ሆናችሁ ለልጆቻችሁ አየር የምታዩ ከሆነ (ጎረቤቴ ከአሁኑ ጀምረዋል) ሰዓቱን አትርሱ። በእነሱ ክረምት በመካከላችን 9 ሰዓት አለ፤ እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ገና እኩለ ሌሊት ነው። ትንበያው ላይ 9 ኤኤም ካለ ደግሞ እዚያው ሚኒሶታ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው። የሳምንቱን ትንበያ አይታችሁ ትኬት አትግዙ። ሁለት ቀን ሲቀረው እዩ፣ ከዚያ ግዙ፣ የመሄጃው ቀን ጠዋት እንደገና እዩ። ብዙ ቦታ ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ሲገዛ ይረክሳል፣ በሥራ ቀን ደግሞ ይበልጥ። ወቅቱ ከኅዳር አጋማሽ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ ነው፣ የገና ዕረፍታቸው ላይ ግን ሰው ይበዛል።

ልብስ። ጋቢ አትልበሱ። ይህንን ስል ጎረቤቴ ከፋቸው፣ ግን እውነት ነው። ጋቢ ጥጥ ነው። ጥጥ ላብም በረዶም ይጠጣል፣ ከዚያ እርጥቡ ገላ ላይ ይቀዘቅዛል። ጂንስም እንደዚያው ነው። ከውስጥ ገላ ላይ የሚጣበቅ ስስ ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ፣ መካከል ላይ ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ለልጆች አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገባበት ጓንት ይሻላል፣ ጣት ከጣት ይሞቃል። ካልሲ አንድ ብቻ። ሁለት መደረብ የሚያሞቅ ይመስላል፣ ግን ጫማው ይጠብና ደም አይዘዋወርም፣ እግር ቶሎ ይደነዝዛል። ስልክ በውስጥ ኪስ ያዙ፣ ብርድ ባትሪውን ይጨርሰዋል።

ስትደርሱ መጀመሪያ ፎርም ያስፈርሟችኋል። ለልጅ የሚፈርመው ወላጅ ወይም ሕጋዊ አሳዳጊ ነው፣ አክስትና አያት ላይበቁ ይችላሉ፣ ስለዚህ ወላጆቻቸው ቤት ሳሉ በኢንተርኔት እንዲሞሉት አድርጉ። ከዚያ ጫማ፣ ስኪና ሄልሜት ትከራያላችሁ። ጫማው ከባድና ደረቅ ነው፣ የብረት መቆለፊያ አለው። ልክ የሚሆነው ተረከዝ ከሥር ሳይነሳ ጣቶች ትንሽ ሲንቀሳቀሱ ነው። ልጁ "አመመኝ" ካለ እዚያው አስቀይሩት፣ ኮረብታው ላይ አይስተካከልም። ለትንንሽ ልጆች በእጅ የሚያዘው ዱላ አያስፈልግም።

ጀማሪዎች የሚወጡት በተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ነው። ቦሌ ኤርፖርት ሻንጣ የሚያመጣውን ላስቲክ አስታውሱ፣ እንደዚያው ያለ ነው፣ ቆመው ይወጣሉ። ለመጀመሪያ ቀን አስተማሪ ክፈሉ። እኔ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አልወድም፣ አባት ልጁን ሊያስተምር ሲሞክር ሁለቱም ተኮራርፈው ሲመለሱ አይቻለሁ። አስተማሪው የስኪዎቹን አፍንጫ አጥብቦ ኋላውን ከፍቶ መቆምን ያሳያቸዋል፣ ለልጆች "ፒዛ" ይሉታል፣ ፍሬናቸው እሱ ነው። የመንሸራተቻዎቹ ምልክቶች ቀላል ናቸው፦ አረንጓዴ ክብ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር ዳይመንድ ለቻለ።

መሸራተት ለማይፈልግ ሰው፣ እንደ ጎረቤቴ ላሉ፣ ውስጥ ሞቅ ያለ ቤት አለ። በፔርሙዝ ሻይ፣ ቆሎና ዳቦ ያዙ፤ ከውጭ የመጣ ምግብ የሚበላበትን ጠረጴዛ ጠይቁ። ከኅዳር 15 እስከ ገና የነቢያት ጾም ስለሆነ ልብ በሉ፣ ሆት ቸኮሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ወተት አለው። ከመኪና እስከ በሩ ያለችው መንገድ ለትልቅ ሰው ከኮረብታው ይልቅ ታሰጋለች፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ፣ አጭር አጭር እርምጃ ሂዱ፣ ክንድ ያዙ። ታኅሣሥ ላይ እዚያ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ቀን የቀለጠው ይረጋል፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት መኪና ውስጥ ሁኑ።

ጎረቤቴ ቁጥሮቹን በወረቀት ጻፊልኝ አሉኝ። 32፣ 15፣ 0 ብዬ ከጎናቸው በአማርኛ ምን እንደሚደረግ ጻፍኩላቸው። አጥፈው ፓስፖርታቸው ውስጥ ከተቱት። "ጋቢውን ግን እይዘዋለሁ፣ ማታ ልጆቹን አለብስበታለሁ" አሉ። ለቤት ውስጥማ ከጋቢ የተሻለ የለም አልኳቸው።