ዌበር ካርብራተር በጎንደር ከፍታ፦ የጥቁሩ ጭስ መላ

የድሮ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። 4ኬ ሞተሯ ላይ ባለ ሁለት ጉሮሮ ዌበር 40 ካርብራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ገጠምኩላት። ድምጿ ልብ ያሞቃል! ችግሩ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስወጣ ነው። ቤንዚን ስረግጥ ትታፈናለች፤ ከኋላዋም ጥቁር ጭስ ይግተለተላል።

የሰፈሩ መካኒኮች ፓምፑን ጠረጠሩ። ካንዴላዎቹ (ድብልቁን የሚያቀጣጥሉት) ሲፈቱ ግን ጥላሸት ለብሰዋል። ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ካርብራተሩ የተስተካከለው በባሕር ጠለል ላይ፣ ዱባይ ነው። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ካርብራተር ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ድብልቁ 10 በመቶ ያህል ይወፍራል።

ዋናውን ጄት፣ ማለትም ቤንዚን የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ፣ ከ135 ወደ 130 አወረድኩት። ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት ነው፤ 130 ማለት 1.30 ሚሊሜትር። አሮጌ ጄት በሽቦ ወይም በመርፌ ለማስተካከል የሚሞክሩ አሉ፤ እኔ አልመክርም። የሚኒሞውንም ጄት (ቤንዚን ሳይረገጥ የሚሠራውን) በአንድ ደረጃ አሳነስኩ። በስስ አየር ድብልቁ ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል ዲስትሪቢውተሩን (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ትንሽ አዙሬ እሳቱን አስቀደምኩ፤ ሞተሩ እንዳያንኳኳ ጆሮዬን ጥዬ።

ጭሱ ጠፋ። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ትወጣዋለች፤ ካንዴላውም ቡናማ ሆኗል።

ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ግን ትልቁን ጄት ይመልስ። ቆላ ላይ አየሩ ወፍራም ነው፤ በትንሹ ጄት ቤንዚን ያንሳል፣ በዚያ ሙቀት ፒስተን ሊበላ ይችላል።