የዘይት ቀለም ሥዕል ጠቅልሎ ወደ ውጭ ለመሄድ

የፒያሳ ስቱዲዮዎን ዘግተው ሊሰደዱ ከሆነ ሥዕሉን ከነፍሬሙ አይጫኑት፤ ጭነቱ ውድ ነው፣ ሸራውም ይበሳል። መጀመሪያ መድረቁን ይዩ። ስስ የተቀባ መልክዓ ምድር ላዩ በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርቃል፤ በቢላ የተለጠፈ ወፍራም ቀለም ግን ወራት ይፈልጋል። ጠርዙ ላይ በጥፍር ሲጫኑት ከሰረጎደ ገና ነው።

ሸራውን ከፍሬሙ ጋር የያዘውን እስቴፕል በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብለው ይንቀሉ። ከመርካቶ 160 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቱቦ ያስቆርጡ፤ ከሸራው ወርድ 10 ሴንቲ ሜትር ይርዘም። ሸራውን ቱቦው ላይ ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅልሉ። ብዙ ሰው እንዳይጫር ብሎ ወደ ውስጥ ያደርገዋል፤ ያኔ ቀለሙ ይጨማደዳል፣ ሲዘረጋም ይላቀቃል። ፖርትሬት ላይ ቀድሞ የሚጎዳው ነጭ የተደራረበበት ግንባርና የአፍንጫ ጫፍ ነው። በመሃል የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ያስገቡ፤ ጋዜጣ ቀለሙ ላይ ፊደሉን ያትማል።

አክሪሊክ ከሆነ ብርድ ግትርና ተሰንጣቂ ያደርገዋል፤ ሲደርሱ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሳያሳድሩ አይዘርጉት። አኳራጅ (የቀለም ማቅጠኛው) ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን አይገባም፤ ለጓደኛ ይተዉት። ጥንታዊ የብራና ሥዕል ካለዎት ግን ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይሞክሩት።