ወፍ በዲጂታል ዙም ስታነሱ፦ እስከ የት ሳብ ማድረግ፣ የት ላይ ማቆም

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ጎትተው ቆሮሶውን እየገፈፉ ነው፤ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ትርፍራፊ ለመልቀም ሰው መሀል ገብተው ቆመዋል። እነሱን ለማንሳት ዙም የሚባል ነገር አያስፈልግም። ችግሩ የሚመጣው ከእነሱ አለፍ ብሎ፣ ሸምበቆው ጫፍ ላይ፣ ጀርባዋ ሰማያዊ ሆዷ ብርቱካናማ የሆነች፣ መዳፍ የማትሞላ ኪንግፊሸር ስታርፍ ነው። ወዲያው ስልክ ይወጣል፣ ሁለት ጣት ስክሪኑ ላይ ይዘረጋል፣ 10 እጥፍ ይደረሳል።

እኔም ያደረግኩት ይሄንኑ ነበር። ስልኩ ላይ ሳያት ቆንጆ ነበረች። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍታት ግን ላባ የለ፣ ዓይን የለ፣ የፈሰሰ ሰማያዊ ቀለም ብቻ። በጣም ነው ያዘንኩት፤ ምክንያቱም ወፏ ለረጅም ጊዜ ንቅንቅ አላለችም፣ ብርሃኑም ጥሩ ነበር፣ እኔ ግን ዙሙ ምን እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ከዚያ እንጀምር። ኦፕቲካል ዙም ማለት ሌንሱ ራሱ ተንቀሳቅሶ፣ ወይም ስልኩ ወደ ሌላ ረጅም ሌንስ ቀይሮ፣ ወፏን በሙሉ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ አስፍቶ ሲያሳርፋት ነው። ዲጂታል ዙም ግን ምንም አያቀርብም። የምስሉን ዳር ዳር ይቆርጥና መሀሉን ብቻ ያስቀራል፣ ከዚያ ያንን ቁራጭ ይለጥጠዋል። ሒሳቡን አንድ ጊዜ ሥሩት፣ ከዚያ በኋላ አትረሱትም። 12 ሚሊዮን ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የሚሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች፣ ያለው ፎቶ 4000 በ3000 ነው። 2 እጥፍ ስታደርጉት የሚቀራችሁ ሩቡ ነው፣ 3 ሚሊዮን። 4 እጥፍ ላይ 750 ሺህ። 10 እጥፍ ላይ 400 በ300፣ ማለትም 120 ሺህ ፒክስል ብቻ። ስልኩ ይሄን መልሶ ወደ 12 ሚሊዮን ሲያሳድገው የጎደለውን በግምት ነው የሚሞላው። የወፍ ላባ ደግሞ በግምት አይሞላም። ቅጠል ወይም ግድግዳ ቢሆን ማንም ላያስተውል ይችላል፤ ላባና ዓይን ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል።

ይሄ ማለት ግን ዲጂታል ዙምን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉት ማለት አይደለም። ስልክና ካሜራ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ከስልክ ልጀምር፣ አብዛኞቻችን ያለን እሱ ነውና።

የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ አሁን 50 ሚሊዮን አካባቢ ፒክስል አለው፤ ግን አራት አራቱን አንድ እያደረገ 12 ሚሊዮን አካባቢ የሆነ ፎቶ ነው የሚሰጣችሁ። 2 እጥፍ ስታደርጉት ብዙዎቹ ማጣመሩን ትተው የመሀሉን ፒክስሎች እንዳሉ ይጠቀማሉ። ስለዚህ በጥሩ ብርሃን 2 እጥፍ ላይ የምታጡት ትንሽ ነው፣ በሙሉ ልብ ተጠቀሙበት። ሲጨልም ግን ያ ጥቅም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም እያንዳንዷ ትንሽ ፒክስል የምታገኘው ብርሃን ጥቂት ነው። ስልካችሁ የራሱ 3 ወይም 5 እጥፍ ሌንስ ካለው ከዚያ ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ 3 እጥፍ ሌንስ ያለው ሰው እስከ 6 አካባቢ ቢሄድ የሚያስከፋ ነገር አያይም። ከዚያ በላይ እኔ አልሄድም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። 3 ወይም 5 እጥፍ የሚለውን ስትነኩ ስልኩ ሁልጊዜ ሌንስ ይቀይራል ማለት አይደለም። ብርሃን ሲያንሰው ወይም ወፏ በጣም ስትቀርበው ሳይነግራችሁ ዋናውን ካሜራ ቆርጦ ሊሰጣችሁ ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ዙሙን እንዳደረጋችሁ ረጅሙን ሌንስ በጣታችሁ ሸፍኑት። ስክሪኑ ካልጠቆረ፣ እያያችሁት ያላችሁት ዲጂታል ዙም ነው። የቱ ሌንስ የቱ እንደሆነ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ እየሸፈናችሁ ለዩት፣ ሜዳ ላይ ጊዜ አይኖራችሁም።

ካሜራ ያላችሁ ደግሞ ሜኑው ውስጥ ግቡና ዲጂታል ዙሙን አጥፉት። ለምሳሌ ኒኮን ፒ900 በሌንሱ ብቻ 83 እጥፍ ይሄዳል፣ እሱም ከ2000 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር የሚስተካከል ነው፤ ማዶ ዛፍ ላይ ያለ ንስር ለማንሳት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለው መቁረጥ ነው፣ መቁረጡን ደግሞ ቤት ገብታችሁ ራሳችሁ ብትሠሩት ይሻላል። ወፍ ድንገት ትነሳለች። ጠበብ አድርጋችሁ ይዛችኋት ከነበረ ክንፏ ተቆርጦ ይቀራል፤ ሰፋ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ግን ቤት ስትገቡ ከየት እንደምትቆርጡ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ እሱም ርቀት ነው። ከ20 ሜትር ወደ 10 ሜትር ከተጠጋችሁ 2 እጥፍ ዙም አገኛችሁ ማለት ነው፣ አንድም ፒክስል ሳይጠፋ። ወደ 5 ሜትር ከደረሳችሁ 4 እጥፍ። ይሄን የሚስተካከል ስልክ የለም። ስትጠጉ ግን ቀጥ ብላችሁ ወደ ወፏ አትሂዱ፣ ዓይን ዓይኗንም አትዩዋት። ሌላ ቦታ የምትሄዱ መስላችሁ በሰያፍ ተጠጉ፣ ሦስት አራት እርምጃ ሂዱና ቁሙ፣ ቁጭ በሉ፣ አንድ ፎቶ አንሱ፣ እንደገና ተጠጉ። መብላቷን ካቆመች፣ አንገቷን ቀጥ ካደረገች፣ ተጨንቃለች ማለት ነውና እዚያው ባላችሁበት ቁሙ። ትልልቆቹ ወፎች ብዙ ጊዜ ከመብረራቸው በፊት ኩሳቸውን ይጥላሉ፤ ያን ስታዩ ጣታችሁን ቁልፉ ላይ አድርጉ። ጎጆ ላይ ያለች ከሆነች ግን መጠጋቱን ተዉት። እናቲቱ ተነስታ እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ከሚቀር ፎቶው ቢቀር ይሻላል። ወፍ ለማስነሳት ድንጋይ የሚወረውሩ ሰዎችንም አይቻለሁ፣ እባካችሁ አታድርጉት።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ወፎቹም በደንብ የሚመገቡት ያኔ ነው። ወደ 5 ሰዓት ግድም ስምጥ ሸለቆ ላይ አየሩ ይሞቅና መርገብገብ ይጀምራል። በዓይናችሁ ላታዩት ትችላላችሁ፣ ዙም ስታደርጉ ግን ከወፏ ጋር አብሮ ይገዝፋል። ያኔ የደበዘዘ ፎቶ ሲወጣ ሰው ሌንሱን ይራገማል፣ ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው።

ዙም በጨመረ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጨምራል። ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ ዛፍ ወይም የጀልባ ጠርዝ ተደገፉ፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ ስትጨርሱ ተጫኑ። ወፏ ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ ትንሽ ያዙት፣ ፎከሱ እዚያው ይቆለፋል፤ ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ወደ ታች አውርዱት። በተለይ እንደ ሳቢሳ ያለች ነጭ ወፍ ጥቁር ውሃ ፊት ስትቆም ስልኩ ከልክ በላይ ያበራትና ላባዋ ነጭ ወረቀት ይሆናል። አንድ አንድ እያላችሁም አታንሱ፣ በተከታታይ አሥር አሥራ አምስት አንሱና ዓይኗ የጠራበትን ምረጡ። ሌላዋ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነችው የኪንግፊሸር ዓይነት፣ ውሃው ላይ ባለችበት ክንፏን እያርገበገበች ቆማ ድንገት ስትወረወር ለመያዝ ደግሞ እኔ ቪዲዮ ነው የምቀዳው፣ 4ኬ ላይ አድርጌ፤ እያንዳንዱ ፍሬም 8 ሚሊዮን ፒክስል ስላለው የምፈልጋትን ቅጽበት አውጥቼ እወስዳለሁ።

ባይኖኩላር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ተዋሱት። 8 በ42 የሚል ከሆነ 8 እጥፍ እውነተኛ መስታወት አገኛችሁ ማለት ነው። የዓይን ጎማውን ወደ ታች አጥፉት፣ የስልኩን ዋና ሌንስ መሀል ለመሀል አስጠጉት። ዙሪያውን ጥቁር ክብ ይመጣባችኋል፤ እዚህ ላይ 2 እጥፍ ዲጂታል ዙም አድርጉ፣ ክቡ ይጠፋል። ዲጂታል ዙምን በጣም የምወደው እዚህ ቦታ ነው።

ሌላም አለ። አንዳንዴ የምትፈልጉት ቆንጆ ፎቶ ሳይሆን ስሟን ማወቅ ብቻ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ማለዳ እየተንጫጩ የሚያልፉት፣ አፋቸው ረጅምና ቆልማማ የሆነ ወፎች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ እንደማይኖሩ ያወቅኩት ከሩቅ፣ በ10 እጥፍ ባነሳሁት ደብዛዛ ፎቶ ነው። ያኔ አታመንቱ፣ እስከ መጨረሻው ሳቡት። የአፏ ቅርፅ፣ የእግሯ ቀለም፣ ክንፏ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ከታየ በቂ ነው፤ መርሊን የሚባለው ነፃ መተግበሪያም ከዚያ ፎቶ ተነስቶ ብዙ ጊዜ ይለያታል።

መጨረሻ ላይ፣ የለፋችሁበትን ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ያን ሁሉ ጠዋት ተንበርክካችሁ ያተረፋችኋቸው ላባዎች መንገድ ላይ ይቀራሉ።