«ስንት ፐርሰንት ከፈለ?» ብሎ አክሲዮን መግዛትና ሌሎች የጀማሪ ስህተቶች

ኅዳርና ታኅሣሥ፣ የባንኮች ጠቅላላ ጉባኤ ሲደራረብ፣ ስልኬ ዕረፍት ያጣል። ደዋዩ ይለያያል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ «እከሌ ባንክ ይህን ያህል አተረፈ ተባለ፤ ልግዛ?» የሒሳብ ባለሙያ ስለሆንኩ በአንድ ቃል የምመልስ ይመስላቸዋል።

ጠቅላላ ትርፍን ብቻ አይቶ መወሰን የመጀመሪያውም የከፋውም ስህተት ነው። ትርፉ ለስንት አክሲዮን ይከፈላል? ለምሳሌ አንድ ባንክ 1.2 ቢሊዮን ብር የተጣራ ትርፍ አገኘ፣ የተከፈለ ካፒታሉ (ባለአክሲዮኖች በእርግጥ ያዋጡት ገንዘብ) 6 ቢሊዮን ነው፣ አንዱ አክሲዮን ላይ የተጻፈው ዋጋ ደግሞ 1,000 ብር ነው እንበል። አክሲዮኖቹ 6 ሚሊዮን ናቸው፤ ለአንዱ የሚደርሰው 200 ብር ነው። «20 በመቶ!» ተብሎ ይወራል፤ ሰውም እዚህ ላይ ያቆማል። ባንክ ግን ትርፉን ሁሉ አያከፋፍልም። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ሕጋዊ መጠባበቂያው ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ በየዓመቱ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን ያስቀምጣል። 200 የነበረው 150 ሆነ። እናንተ ደግሞ አክሲዮኑን ከሌላ ባለአክሲዮን በ1,500 ብር ገዝታችሁት ከሆነ፣ ካወጣችሁት ገንዘብ የምታገኙት 10 በመቶ ነው፤ እሱም ግብር ሳይቀነስ። ከወሬው ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል።

በዚህ ላይ የአክሲዮኑ ቁጥር ራሱ ያድጋል። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ካዘዘ በኋላ ብዙዎቹ አዳዲስ አክሲዮን ሸጡ። አንድ ጉባኤ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ትርፉ አደገ ትላላችሁ፤ የእኔ ድርሻ ለምን ወረደ? ማን በላው?» ብለው አዳራሹን አስጨበጨቡት። ማንም አልበላውም። ትርፉ በሩብ አድጎ አክሲዮኑ በእጥፍ ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ መውረዱ የማካፈል ጉዳይ ነው። መድረክ ላይ ከነበሩት አንዱ እንኳ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር አለማስረዳቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አዛውንቱ ተበልቻለሁ እንዳሉ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ተቀማጭን እንደ ሀብት መቁጠር ሌላው ነው። «ተቀማጩ 50 ቢሊዮን ደረሰ» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ ሰው አስገዝቷል። የዕቁብ ሰብሳቢ እጁ ላይ ባለው ገንዘብ ሀብታም ይባላል? ተቀማጭ የእኔና የእናንተ ገንዘብ ነው፤ በባንኩ ሒሳብ ላይ የሚቀመጠው ከዕዳው በኩል ነው። ሀብቱ ያበደረው ብድር ነው፤ ብድርም ሀብት የሚሆነው ሲመለስ ነው። ስለዚህ የተበላሸ ብድር ስንት እንደሆነ፣ ባይመለስ ተብሎም ምን ያህል መጠባበቂያ እንደተያዘለት (ይህ ከላይ ካልነው ሕጋዊ መጠባበቂያ የተለየ ነው) እዩ።

የተጻፈውን ዋጋ ከእውነተኛው ዋጋ ጋር የሚያምታቱም አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 የ100 ብር አክሲዮኑን በ300 ብር ሲያቀርብ «ሦስት እጥፍ አስወደዱት» ተባለ። በ100 ብር የተጻፈ መሆኑ ስለ ርካሽነቱም ስለ ውድነቱም አንዳች አይናገርም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ኩባንያው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ስላለው፣ በ300 ብር ሲሰላ ሙሉ ድርጅቱ 300 ቢሊዮን ብር ተገምቷል ማለት ነው። ከዓመታዊ ትርፉና ከተጣራ ሀብቱ (ዕዳው ተቀንሶ ከሚቀረው) ጋር ሲተያይ ያዋጣል ወይ? ጥር 2017 ላይ አክሲዮን የሚገበያይበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፍቷልና፣ የገበያው ዋጋ ከተጻፈው እየራቀ ሲሄድ ይህን ጥያቄ መልመድ ግድ ነው።

ትርፍ ጥሬ ገንዘብ አይደለም። በዱቤ የተሸጠ ዕቃ ገንዘቡ ሳይገባ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል። ለሁለትና ለሦስት ዓመት ትርፍ እያሳየ፣ የገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ ከሥራ የተገኘው ገንዘብ ግን በቅንፍ ውስጥ የተጻፈ (ማለትም የጎደለ) ድርጅት ካያችሁ፣ ተሰብሳቢ ሒሳቡን ተመልከቱ። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ እዚያ ታስሮ ነው።

የተፈረመ ካፒታል «እከፍላለሁ» የሚል ቃል ነው፤ የተከፈለው ነው ገንዘቡ። ምሥረታ ላይ ያለ አክሲዮን ማኅበር የመጀመሪያውን ብቻ ጮክ ብሎ ከተናገረ ሁለተኛውን ጠይቁ።

«ኦዲተሩ እንከን አላገኘም» ማለት መግለጫው በደንቡ ተሠርቷል ማለት እንጂ ድርጅቱ አትራፊ ነው ማለት አይደለም።

ሕንፃ በመዝገብ ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ በተገዛበት ወይም በተሠራበት ዋጋ፣ የእርጅና ቅናሹ ተነሥቶለት ነው። የድሮ ሕንፃ ያለው ድርጅት ከሚመስለው በላይ ሀብታም ሊሆን ይችላል።

የትርፍ ድርሻን ከዋጋ ንረት ጋር አለማወዳደርም አለ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ያኔ 20 በመቶ ተከፈለኝ ብሎ የደገሰ ሰው አውቃለሁ።

ሪፖርቱ የመቼ እንደሆነም አትርሱ። ኅዳር ላይ የሚታደላችሁ ሰኔ ላይ የተዘጋ ሒሳብ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የተዘጉት አሃዞች ውስጥ ያ ለውጥ የለም። ከሒሳቡ መዘጋት በኋላ የተከሰተ ትልቅ ነገር ካለ የሚጻፈው በማብራሪያዎቹ መጨረሻ ገጾች ላይ ነው። መጽሔቱ ሲታደላችሁ የሊቀመንበሩን ፎቶ አልፋችሁ መጀመሪያ እሱን ግለጡ።