የተቃውሞ ፎቶግራፍ ጉልበቱ ከየት ይመጣል? በእርሳስና በስስ ወረቀት እንዴት እንደሚመረመር

ደሴ ውስጥ ሠርግ ሲያነሳ ለኖረ ሰው የተቃውሞ ፎቶግራፍ ቀላል ይመስለዋል። ሙሽራን ቀና በይ፣ ፈገግ በል እያሉ መለመን ያስፈልጋል፤ ሰልፈኛ ግን እጁን የሚያነሳው ሳይለመን ነው። ታዲያ ምኑ ይከብዳል?

የሚከብደውን ያወቅኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ሰፈር እናቶች ውሃ ጠፋብን ብለው ባዶ ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን አስፋልቱ ላይ በደረደሩበት ጠዋት ነው። ትልቁን ካሜራዬን አንግቤ አጥር ላይ ወጣሁና አርባ ፎቶ አነሳሁ። በአርባዎቹም ውስጥ ያልገባ ነገር የለም፦ እናቶቹ፣ ጀሪካኖቹ፣ ባጃጆቹ፣ የመብራት ምሰሶው፣ ጦሳ ተራራ ሳይቀር። ዓይን የሚይዝ ግን አንድም አልነበረም። ከእኔ እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ በስልኩ ያነሳ አንድ ተማሪ ግን ጀሪካኖቹን ከፊት ግዙፍ አድርጎ ጀምሮ፣ እያሳነሰ እያሳነሰ እስከ ተዘጋው የብረት በር ድረስ ወስዷቸዋል። ሰው የለበትም ማለት ይቻላል፤ ዳር ላይ የአንዲት ሴት ነጠላ ጫፍ ብቻ ይታያል። ያን ማታ ቅናት እንቅልፍ ስለነሳኝ የታወቁትን የተቃውሞ ፎቶግራፎች አንድ በአንድ መፍታት ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ሥራ ውጤት ነው።

የሚያስፈልጋችሁ የታተመ ፎቶ፣ ሥሩ ያለውን የሚያሳይ ስስ ወረቀት፣ እርሳስ፣ መቀስና ማጣበቂያ ነው። ፎቶ ላይ ዘጠኝ ሳጥን ዘርግተው “ዋናው ነገር መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ይሁን” የሚሉ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። ሞክሬያቸዋለሁ፤ ለሙሽራ ይበቃሉ፤ ለዚህ ግን አይረዱም።

1. ፎቶውን በጥቁርና ነጭ አሳትሙ። ፒያሳ አካባቢ ያለ ማንኛውም ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራላችኋል። ከዚያ ራሱ ወደ ታች እግሩ ወደ ላይ እንዲሆን ገልብጣችሁ ተመልከቱት። ሲገለበጥ ታሪኩ ይጠፋና ቅርጹ ይቀራል።

2. ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ ብርሃኑ የት እንደተከማቸ ፈልጉ። ጃፓናዊው ያሱዮሺ ቺባ በሰኔ 2019 (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በካርቱም ያነሳውንና በ2020 የዓለም ፕሬስ ፎቶ የዓመቱ ምርጥ የተባለውን ውሰዱ። መብራት በጠፋበት ምሽት ግጥም የሚያሰማ ወጣት በዙሪያው ያሉት በስልካቸው ብርሃን አድምቀውታል። ዓይናችሁ ተጠባብቦም ቢሆን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ብርሃኑን የሰጡት ሰልፈኞቹ ራሳቸው መሆናቸው ደግሞ ለፎቶው ትርጉም ሆኖለታል።

3. ስሱን ወረቀት አልብሳችሁ ትልልቆቹን መስመሮች ብቻ ገልብጡ። ሰው አትሳሉ። ጄፍ ዋይድነር በሰኔ 5 ቀን 1989 በቤጂንግ፣ በቲያንአንመን ተቃውሞ ጊዜ ባነሳው ፎቶ ላይ የተሰለፉት ታንኮች አግድም የተዘረጉ ሳይሆኑ ሰያፍ የሚወርዱ ናቸው። አግድም መስመር የተኛ ነው፤ ሰያፍ መስመር ግን ሊንደረደር የተዘጋጀ ይመስላል። በዚያ መስመር ጫፍ ላይ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ፌስታል ያንጠለጠለ አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል። በእርሳስ ስትገለብጡት አንድ ረጅም ሰያፍና አንድ አጭር ቁም መስመር ይሆናል። ይኸው ነው።

4. አሁን ባዶውን ቦታ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ይህ ነው፤ እናንተም እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

ሁላችንም ፎቶ ስናይ የምናየው ያለውን ነው። የተቃውሞ ፎቶግራፍ ጉልበት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው በሁለቱ ወገኖች መካከል ባለው፣ ማንም በሌለበት ቦታ ላይ ነው። ይህን ያመንኩት በመቀስ ነው። የቤጂንጉን ፎቶ ሦስት ኮፒ አሳተምኩ። በአንደኛው ላይ ሰውየውን ቆርጬ አወጣሁና ከታንኩ ጋር አስነክቼ አጣበቅኩት፤ የመኪና አደጋ መሰለ። በሁለተኛው ላይ አርቄ ከወረቀቱ ጠርዝ አደረስኩት፤ ከገበያ ተመልሶ መንገድ የሚሻገር ሰው ሆነ። ሦስተኛውን ሳልነካው ተውኩት። በሁለቱ መካከል ያለችው ክፍተት ጥቂት እርምጃ ናት፤ ቀጥሎ ምን ይመጣል የሚለው ጥያቄ የተንጠለጠለውም እዚያች ላይ ነው። ቅርጾቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው በመካከላቸው ያለው አስፋልት ብቻ ነው።

ስለዚህ በስሱ ወረቀት ላይ ሰዎቹን ትታችሁ ባዶውን ብቻ አጥቁሩ። ጆናታን ባክማን በሐምሌ 2016 በአሜሪካዋ ባተን ሩዥ ከተማ ባነሳው ላይ ብትሞክሩት ረጅም ቀሚስ ለብሳ በጸጥታ በቆመችው ሴትና ጥሩር በለበሱት ፖሊሶች ዙሪያ ያለው ባዶ መንገድ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ትደነግጣላችሁ። ማርክ ሪቡ በጥቅምት 1967 ዋሽንግተን አጠገብ አበባ የያዘችውን ወጣት ከወታደሮች ሳንጃ ጋር ሲያፋጥጣት ደግሞ ክፍተቱ ስንዝር የምታክል ናት። ሰፊም ጠባብም ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ ከጠፋ ግን ግርግር ብቻ ይቀራል። የእኔ አርባ ፎቶዎች ሲጠቆሩ ባዶ ቦታ የተገኘው ሰማዩ ላይ ብቻ ነበር።

5. እጆቹን ተመልከቱ። ሳም ንዚማ በሰኔ 16 ቀን 1976 በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ባነሳው ላይ፣ በጥይት ተመትቶ ሰው ተሸክሞት የሚሮጠው ልጅ የሄክተር ፒተርሰን እህት ከጎን እየሮጠች መዳፏን ከፍታ አንስታለች፤ ድምፅ የሌለው ፎቶ የሚጮኸው በዚያ መዳፍ ነው። ፈይሳ ሌሊሳ በነሐሴ 2016 በሪዮ የማራቶን መጨረሻ ላይ ክንዶቹን ያጣመረበትን ፎቶ ደግሞ አሳንሳችሁ የቴምብር ያህል አሳትሙት። ያኔም ይነበባል። ቴምብር ሲያክል የማይነበብ ምልክት፣ ትልቅ ሲሆንም ብዙ ጊዜ አይነበብም።

6. ቀለሙን መልሱ። አሁን ባለቀለሙን ከጥቁርና ነጩ ጎን አድርጉ። ላና ሃሩን በሚያዝያ 2019 ካርቱም ላይ በስልኳ ያነሳችው የሰልፈኛዋ የአላ ሳላህ ፎቶ ነጩ ቶብ (የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡት ልብስ) ባይኖር ከሕዝቡ ተለይቶ አይወጣም ነበር። እኛም አገር ነጭ ነጠላ በየቤቱ አለ፤ ችግሩ ሁሉም ሲለብሰው ማንንም ለይቶ አያሳይም። በዚያ ጠዋት ዓይን ይስብ የነበረው ቢጫው ጀሪካን ነበር፤ እኔ የተከተልኩት ግን ነጠላውን።

ራሳችሁ ልታነሱ ከወጣችሁ ከፍታን አስቡ። ዋይድነር ያነሳው ከሆቴል ስድስተኛ ፎቅ ነው፤ ታንኮቹ ብዙ ሰውየው አንድ መሆናቸው የታየውም ከላይ ስለሆነ ነው። ከታች ማንሳት ቁመት ይሰጣል። አጥር ላይ መውጣት ሁለቱንም አይሰጥም፤ ወገብ ያሳምማል እንጂ። ደሴ ላይ ጭጋግ ከወረደ ደስ ይበላችሁ፤ ምሰሶውንም ማስታወቂያውንም ሸፍኖ ጀርባውን ያጸዳላችኋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ ቶሎ ስለምትገባ ጠዋት ይሻላል። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ የእኩለ ቀኑን ፀሐይ ሽሹ፤ ዓይን ሁሉ ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል።

ስለ መቁረጥ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከአርባዎቹ አንዱን ለማዳን ብዬ ዙሪያውን ቆርጬ የአንዲት እናትን ፊት ብቻ አስቀረሁና ለወዳጆቼ ላክሁ። ፎቶው ከእጄ ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ። በሳምንቱ እናትየዋ ፎቶ ቤቴ ድረስ መጡ። “ልጄ፣ እኔ የጠየቅኩት ውሃ ነው፤ ፎቶ መቼ ጠየቅኩህ?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ፊት ሳያሳዩ ጉልበት የሚሰጡ ነገሮች ሞልተዋል፦ ጀርባ፣ እጅ፣ ጫማ፣ ጥላ። ፊት የግድ ካስፈለገ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ በኋላ ማደብዘዝ ይቻላል ብላችሁ አታንሱ፤ መጀመሪያ የላካችሁት ሳይደበዝዝ ይዞራልና።

አርባዎቹን አልሰረዝኳቸውም፤ ለመለማመጃ እጠቀምባቸዋለሁ። ባለፈው ወር ሠላሳ ሰባተኛውን በስሱ ወረቀት ላይ ስገለብጥ በግራ ጥግ አንዲት ክዳን የሌላት ጀሪካን ከሰልፉ ወጥታ፣ ለብቻዋ በሩ ፊት ቆማ አገኘኋት። ከፊሏን ባጃጅ ጋርዷታል።