የልጅዎ የመጀመሪያ ቀስት፦ ከአመራረጡ እስከ አለማመዱ

ለልጆቻችን ዩኒፎርም ስናሰፋ «ታድግበታለች» ብለን እጅጌውንና ቁመቱን ረዘም ማድረግ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ለልብስም ብልህነት ነው። ለቀስት ግን ይህ ልማድ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። እኔ ለስምንት ዓመት ልጄ የመጀመሪያውን ቀስት ውጭ አገር በሚኖር ዘመድ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሳስመጣ፣ ዋጋው ተመሳሳይ ከሆነ ጠንከር ያለው ይሻላል፣ ሲቆይም ታድግበታለች ብዬ በ24 ፓውንድ (11 ኪሎ ገደማ) ጉልበት የሚሳበውን መረጥሁ። ልጅቱ አውታሩን ለመሳብ ወገቧን ወደ ኋላ ለጥጣ፣ ትከሻዋን እስከ ጆሮዋ ድረስ አንሥታ ስትታገል ሰነበተች፤ በሦስተኛው ቀን አውታሩ የግራ ክንዷን ገርፎ ሰንበር አወጣባት፣ ከዚያም ሁለት ወር ያህል ቀስቱን ዞር ብላ አላየችውም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። በቀላል ቀስት እንደገና ስትጀምር የተማርሁትን፣ ሌላ ወላጅ ያንን ሰንበር በልጁ ክንድ ላይ እንዳያይ በማሰብ እዚህ አቀርባለሁ።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ላንሣ። በአነጋገራችን «ቀስት» አንዳንዴ ደጋኑን፣ አንዳንዴም የሚወረወረውን ስለሚያመለክት፣ በዚህ ጽሑፍ ቀስት የምለው ደጋኑን ከነአውታሩ ሲሆን የሚወረወረውን ፍላጻ እለዋለሁ። ልጅዎ ጥጥ በደጋን ሲነደፍ አይታ የምታውቅ ከሆነ የትምህርቱን መጀመሪያ ይዛለች ማለት ነው። አያቷ ደጋኑን ባዘቶው ላይ አስጠግተው አውታሩን መታ ሲያደርጉት፣ እንጨቱ ታጥፎ ያጠራቀመው ጉልበት በአውታሩ በኩል ወጥቶ ጥጡን እንደ አረፋ ያነሣዋል፤ አውታሩም ለረጅም ጊዜ እየነዘረ ይጮሃል። ልጄ ጣቷን አውታሩ ላይ አሳርፋ ንዝረቱን ካዳመጠች በኋላ «አባዬ፣ የእኔም ቀስት እንዲህ ይጮሃል?» ስትለኝ ፍላጻ ሳይኖር አውታር ስቦ መልቀቅ ለምን እንደሚከለከል ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ አጋጣሚ አላገኘሁም። በቀስት ላይ ፍላጻው ጉልበቱን ይዞ ይሄዳል፤ ፍላጻ ከሌለ ግን ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ክንፎቹ (ከእጀታው በላይና በታች ወዳሉት የደጋኑ ተጣጣፊ ክፍሎች) እና ወደ አውታሩ ስለሚመለስ ቀስቱ ሊሰነጠቅ፣ አውታሩም ሊበጠስ ይችላል። ባዶ ቀስት አይለቀቅም፤ ልጅቱ አውታሩን ከሳበች በኋላ መወርወሩን ብትተወው ቀስ አድርጋ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች።

የቀስት ጥንካሬ የሚነገረው በፓውንድ ነው፤ አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ለሰባትና ለስምንት ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 12 ፓውንድ፣ ማለትም ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ ገደማ ይበቃል፤ ልጅቱ ቀጭን ከሆነች ከዚያም ቢያንስ አያስነውርም። በቀስቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ አውታሩ እስከ 28 ኢንች፣ ማለትም እስከ 71 ሴንቲ ሜትር ሲሳብ የሚኖረውን ክብደት የሚያሳይ በመሆኑ፣ እስከዚያ መሳብ የማትችል ትንሽ ልጅ እጅ ላይ የሚደርሰው ከተጻፈው ያነሰ ነው። እውነተኛውን ክብደት ማወቅ ከፈለጉ ዓሣ የሚመዘንበትን ዓይነት ባለ መንጠቆ ሚዛን ተውሰው፣ መንጠቆውን አውታሩ መካከል አስገብተው ልጅቱ እስከምትስበው ርቀት ድረስ ይሳቡና ቁጥሩን ያንብቡ። እኔ የምተማመንበት መለኪያ ግን ልጅቱ ራሷ ናት፦ አውታሩን በልኳ ስባ፣ እስከ አሥር ሲቆጥሩላት ክንዷ ሳይንቀጠቀጥ ከያዘችና ይህንንም አምስት ጊዜ ከደገመች ቀስቱ የእርሷ ነው። ለዚህ ሙከራ ፍላጻ ቀስቱ ላይ መኖር፣ ፊቷም ወደ ዒላማው መሆን አለበት፤ ጣቷ ቢያመልጣት አደጋ እንዳይደርስ።

የምትስበውን ርዝመት ለማወቅ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፈው ሁለቱን ክንዶቿን ወደ ጎን ያስዘርጓትና ከአንዱ እጅ የመካከለኛ ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ለክተው በ2.5 ያካፍሉ። የክንዶቿ ስፋት 125 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የመሳቢያዋ ርዝመት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ፍላጻው ሲገዛ ከዚህ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ ለጀማሪ ረጅም ፍላጻ አይጎዳም፣ አጭር ፍላጻ ግን ከቀስቱ ወደ ኋላ ገብቶ እጅ ሊወጋ ይችላል። ፍላጻዎቹ ከፋይበርግላስ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠሩ ቢሆኑ ይመረጣል፤ የካርቦን ፍላጻ ሲሰበር ስለታም ስንጥር ስለሚያወጣ ለልጅ አልመክረውም። የሚፈታታውን ዓይነት ሪከርቭ ቀስት (የክንፎቹ ጫፎች ወደ ፊት የተቀለበሱትን) ማግኘት ከቻሉ ከሌላው ያስቀድሙት፤ እጀታው እንዳለ ቆይቶ ልጅቱ ስትጠነክር ክንፎቹ ብቻ ስለሚለወጡ «ታድግበታለች» የሚለው ሐሳብ በትክክለኛው መንገድ የሚሠራው በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው።

ቀስቱን ከማዘዝዎ በፊት የትኛው ዓይኗ እንደሚያይል ይወቁ። ሁለት መዳፎቿን አጋጥማ በመካከላቸው ትንሽ ቀዳዳ ትሥራና ሁለቱንም ዓይኖቿን ከፍታ በቀዳዳው ውስጥ የእርስዎን አፍንጫ ትመልከት፤ እርስዎ በቀዳዳው የሚያዩት ዓይን የሚያይለው ዓይኗ ነው። ቀኝ ዓይኗ ከሆነ ቀስቱን በግራ እጇ ይዛ በቀኝ ትስባለች፤ ግራ ከሆነ ተቃራኒው ነው። በቀኝ እጇ ብትጽፍም ዓይኗን መከተል ይሻላል።

ለዒላማ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አንድ ባዶ ማዳበሪያ ወስደው ያረጁ ልብሶችን ጥቅጥቅ አድርገው ይሙሉትና አፉን ይስፉት። ልብሶቹን ከመክተትዎ በፊት ቁልፎቻቸውንና ዚፖቻቸውን ቆርጠው ያውጡ፤ እኛ ቤት አንድ የጂንስ ቁልፍ ተረስቶ ገብቶ ፍላጻ አንሻፎ መልሶብናል። ማዳበሪያው ልጅቱ ደረት አካባቢ እንዲሆን ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ ከኋላውም የአፈር ቁልል ወይም ዳገት ይኑር። የድንጋይ አጥር ፍላጻውን ይመልሳል፤ የቆርቆሮ አጥር ደግሞ ከኋላው ማን እንደሚያልፍ አያሳይም። ሐይቁ ዳር ያለ ክፍት ሜዳ ያማልላል፤ ነገር ግን ወደ ጣና አቅጣጫ መወርወር ፈጽሞ አይገባም፤ በደንገሉ መካከል ታንኳ የሚቀዝፍ ወይም መረብ የሚጥል ሰው ከዳር ላይታይ ይችላልና። ወፍም ሆነ ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ዒላማ እንደማይሆን ከመጀመሪያው ቀን ይንገሯት፤ ልጆች ይህን በቀላሉ ይረዱታል። የምትለማመድበት ሰዓት ጠዋት ቢሆን መልካም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ቀላሉን ፍላጻ እየገፋባት ጥፋቱ የእርሷ እንዲመስላት ያደርጋል። ለጎረቤት አስቀድሞ መንገርም ይገባል፤ እኔ በዚያ አጋጣሚ ጎረቤቶች ግቢያችንን የሚያቋርጡባቸውን ሰዓቶች አውቄያለሁ።

ከመወርወሯ በፊት መሬት ላይ በኖራ አንድ መስመር ይሥሩ፤ ከዒላማው አምስት ሜትር ይራቅ። ሕጉ አጭር ነው፦ ፍላጻ ቀስት ላይ የሚደረገው እዚህ መስመር ላይ ቆሞ፣ ወደ ዒላማው ብቻ ዞሮ ነው፤ ከመስመሩ ፊት ማንም ሰው ሲኖር ቀስት አይነሣም፤ ማንም ሰው፣ ትንሽ ወንድሟም ቢሆን፣ «ቁሚ!» ካለ ፍላጻው ይወርዳል። ፊሽካ ቢጠቀሙ ዓለም አቀፉን ሥርዓት ከአሁኑ ትለምዳለች፤ ሁለት ፊሽካ ወደ መስመር መቅረብ፣ አንድ ፊሽካ መወርወር፣ ሦስት ፊሽካ ፍላጻ መልቀም፣ አምስትና ከዚያ በላይ ደግሞ በድንገት ማቆም ነው። ልጄ ፊሽካውን ራሷ መንፋት ስለምትወድ እኔ ስወረውር እርሷ አዛዥ ትሆናለች፤ ሕጉንም ከታዘዘችው ይልቅ ያዘዘችበት ቀን አጥብቃ ያዘችው።

ፀጉሯ ተሰርቶ ወይም ወደ ኋላ ታስሮ፣ ማተቧና ሐብሏ ልብሷ ውስጥ ገብቶ፣ ሰፊ እጅጌዋ ተጠቅልሎ ትቁም፤ አውታር ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ቀስት በያዘችበት ክንድ ውስጠኛ ክፍል ላይ የቆዳ ወይም የወፍራም ጂንስ መከላከያ ይታሰር። የዒላማው አቅጣጫ በጎኗ እንዲሆን እግሮቿን በትከሻዋ ስፋት ከፍታ፣ መስመሩን በሁለቱ እግሮቿ መካከል አድርጋ ትቆማለች። የፍላጻውን የኋላ ስንጥቅ አውታሩ ላይ ቀጭ እስኪል ታስገባዋለች፤ ከሦስቱ ላባዎች ቀለሙ የተለየው ከቀስቱ ወደ ውጭ ይዞራል። እጀታውን ጨምቃ አትይዘውም፤ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያለው ሥጋ ላይ ያርፋል። አውታሩን በሦስት ጣቶቿ የመጀመሪያ መገጣጠሚያ ላይ ታሳርፋለች፤ ለጀማሪ ሦስቱም ከፍላጻው በታች ቢሆኑ ይቀላል።

እኛን ሰንበር ያሳየን ነገር የክንድ አዟዟር ነበር፤ ስለዚህ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ልጅቱ መዳፏን በር መቃን ላይ አድርጋ ክንዷን ትዘርጋ፤ መዳፏ ከቦታው ሳይነሣ ክርኗን ብቻ ወደ ውጭ ታዙር። የክርኗ እጥፋት ሽቅብ ይመለከት የነበረው ወደ ጎን ሲዞር፣ የክንዷ ሥጋ ከአውታሩ መንገድ ሲሸሽ በዓይንዎ ያዩታል። ልጄ በየማለዳው ከቤት ስትወጣ መቃኑን እየነካች አሥር ጊዜ ስታደርገው ከርማለች፤ ከዚያ ወዲህ አውታር ገርፏት አያውቅም።

ስትስብ ክርኗ በትከሻዋ ትክክል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የምትስበው በእጇ ሳይሆን በጀርባዋ ነው። ሌባ ጣቷ የከንፈሯን ጥግ ሲነካ ትቆማለች፤ ይህ ቦታ ሁልጊዜ አንድ መሆን አለበት፤ ዛሬ ከንፈር፣ ነገ አገጭ ከሆነ ፍላጻው አንዴ ላይ አንዴ ታች ይሄዳል። ሁለት ትንፋሽ ያህል ቆይታ ጣቶቿን ታላላለች፤ አውታሩን ልትወረውረው ወይም ልትነጥቀው አይገባም። ፍላጻው ማዳበሪያው ውስጥ ጥብ ብሎ እስኪሰማ ድረስ ቀስቱን ከፍ እንዳደረገች ትቆያለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብ ሥሎ ነጥብ መቁጠር አያስፈልግም፤ አንድ ፊኛ ነፍተው ማዳበሪያው ላይ ይሰኩላት። ፊኛው ጧ ሲል የምታሰማው ሳቅ ከማንኛውም ነጥብ ይበልጣል።

በአንድ ዙር ሦስት ፍላጻ፣ በአንድ ቀን ከሠላሳ ያልበለጠ ይበቃል። ሲሰበስቡ መሮጥ የለም፤ እርስዎ አንድ እጅዎን ማዳበሪያው ላይ አስደግፈው ፍላጻውን ቀጥ አድርገው ይነቅላሉ፣ ልጅቱ ከጎን እንጂ ከኋላዎ አትቁም። እያንዳንዱን ፍላጻ ጣቶችዎ መካከል እያዞሩ ስንጥቅ ይፈልጉ፤ የተሰነጠቀውን ይጣሉት። ሲጨርሱ አውታሩን ማውጣት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በማር ሰም ማሸት፣ ቀስቱን ፀሐይ ከሚመታውና በክረምት ከሚረጥበው ቦታ ማራቅ የወላጅ ሥራ ነው።

«ቀስት የወንድ ጨዋታ አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፤ እኛንም ጠይቀውናል። እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ ሴቶች በቀስት ውርወራ ተወዳድረዋል፤ በአትሌቲክስ ለሴቶች የተፈቀደው ግን በ1928 በአምስተርዳም ነው። የደቡብ ኮሪያ ሴቶች ቡድን ደግሞ ከ1988 እስከ 2024 ድረስ በተካሄዱት 10 ኦሎምፒኮች የቡድኑን ወርቅ ለማንም አላስነካም። እነርሱ የሚወረውሩት ከ70 ሜትር መሆኑን ለልጄ ስነግራት፣ ከአምስት ሜትሩ መስመር ወደ ኋላ እየተራመደች እስከ ግቢው በር ድረስ ቆጠረች።

መስመሩን ወደ ኋላ የሚያሸሹት ፍላጻዎቿ በሙሉ ለሁለት ሳምንት ከማዳበሪያው ካልወጡ በኋላ ነው፤ በአንድ ጊዜም ሁለት ሜትር ብቻ። ጠንካራ ክንፍ የሚያስመጡት ደግሞ በአሥር ሜትር ሠላሳውን ፍላጻ ክንዷ ሳይንቀጠቀጥ ስትጨርስ ነው፤ ጭማሪውም ከሁለት ፓውንድ አይለፍ። በየሦስት ወሩ የክንዶቿን ስፋት ግድግዳው ላይ እንደገና ይለኩ፤ ልጅ በክረምት ሳይታወቅ ትመዘዛለች፣ አምና የበለጠ የነበረው ፍላጻም ዘንድሮ አጭር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፍላጻው ከመሳቢያዋ ርዝመት የሚበልጥበት ልዩነት ከሦስት ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ አዲስ ፍላጻ እስኪመጣ ድረስ አሮጌዎቹን ከእጇ ያርቁ።