በብርድ የወደቀች የሌሊት ወፍ ብታገኙ

ታኅሣሥ ላይ፣ ጠዋት በረንዳችሁ ላይ የሌሊት ወፍ ወድቃ ብታዩ ቶሎ ጠርጋችሁ አትጣሏት። የሞተች የምትመስለው ብዙ ጊዜ በሕይወት አለች።

ደርቃለች፣ አትነቃነቅም

ምክንያቱ ብርዱ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እንዲህ ባለ ሌሊት የምትበላው ነፍሳት ይጠፋል። እሷ ደግሞ ክብደቷ ጥቂት ግራም ስለሆነ ጉልበት ለመቆጠብ ሰውነቷን ታቀዘቅዛለች፣ የልብ ምቷም ይዘገያል። ተመልሳ ለመንቃት ስብ ማቃጠል አለባት። ስቡ ካለቀ እዚያው ትቀራለች።

በባዶ እጅ ፈጽሞ አትንኳት! ንክሻዋ የእብድ ውሻ በሽታና መሰል ቫይረሶችን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ጥርሷ ትንሽ ስለሆነም ቁስሉ ላይታያችሁ ይችላል። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ታጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ደም እኮ አልወጣም» ብላችሁ አትቅሩ።

በወፍራም ጓንት ወይም በታጠፈ ፎጣ አንሱና የጫማ ካርቶን ውስጥ አስገቧት። የምትንጠለጠልበት ጨርቅ ጨምሩላት፣ ትንንሽ ቀዳዳ አብጁ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽጉ፤ በጣም ጠባብ ክፍተት ትሾልካለች። ለብ ያለ ውሃ የሞላችሁበትን ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአንዱ ጥግ ብቻ አስቀምጡ፣ ሲሞቃት ወደ ሌላው ጥግ እንድትሸሽ። ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ አታድርጓት። ውሃ በፕላስቲክ ክዳን ይበቃታል። ወተት አትስጧት።

ነቅታለች፣ ግን ከመሬት አትነሳም

ይህ ሁልጊዜ ሕመም አይደለም። ብዙዎቹ ከከፍታ ወርደው ነው በረራ የሚጀምሩት፣ ከሜዳ መነሳት ይከብዳቸዋል። ዝናብ ከሌለ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ካርቶኑን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ክፈቱላት። ቀን ከለቀቃችኋት ቁራ ወይም ጭልፊት ይወስዳታል።

ክንፏ ተቀዷል ወይም ድመት ይዛት ነበር

ቤት ውስጥ አትሞክሩ፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዷት። የድመት ጥርስ ትንሽ ቢቧጭራት እንኳ ቁስሉ ይመርዛል።

በየቀኑ ይወድቃሉ

ፒያሳ ያደግን ሰዎች ከኮርኒስ በላይ የሚንጫጫውን ድምፅ እናውቀዋለን። አሮጌ ቤት ሲፈርስ ወይም ቆርቆሮ ሲቀየር መጠለያቸው ይጠፋል። ጣሪያ የምታሳድሱ ከሆነ ቀዳዳውን ቀን አትድፈኑ፣ ማታ ሁሉም ከወጡ በኋላ ድፈኑት። መብረር ያልጀመሩ ግልገሎች ካሉ ግን ጠብቁ፤ እናቶቹ ሊያጠቧቸው ይመለሳሉ።